«ቀኑ ደርሶ ነው» ለማን ይባላል?

ልጆቼ፣ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰዎች፤ ሰፈራችሁ ፈርሶ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም አቅጣጫ የተበተናችሁም ጭምር፤ ዛሬ የማነሣው ለቅሶ ቤት ገብተን ስለምንናገራት አንዲት ቃል ነው። «ምን ይደረጋል፣ ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ደግ ቃል ናት። እናት «ምነው ያን ዕለት ከቤት ባስቀረሁት» እያለች ራሷን ስትበላ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ለማለት አባቶቻችን ያቆዩልን ናት። እኔም እላታለሁ፤ የሞትሁ ዕለትም ለልጆቼ እንድትባልልኝ እወዳለሁ።

ነገር ግን ይህችው ቃል የገዳይ መሸሸጊያ ስትሆንም አይቻለሁ። የበሰበሰ መወጣጫ ላይ ሰው አውጥቶ የጣለ ድርጅት፣ ፍሬኑ ያለቀ መኪና ጭነት ጭኖ ቁልቁለት የለቀቀ ባለንብረት፣ ሐዘንተኞቹ መካከል ቁጭ ብሎ «ቀኑ ደርሶ ነው እንግዲህ» ሲል ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ቃሏ ማጽናኛነቷ ይቀርና የክስ መዝጊያ ትሆናለች። ቀኑን ያደረሰው እግዚአብሔር ነው ብንል እንኳ መወጣጫውን ያቆመው እግዚአብሔር አይደለም።

ከማልረሳቸው ለቅሶዎች አንዱ የአንድ የሕንፃ ግንባታ የቀን ሠራተኛ ነው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ የዕድራችን ድንኳን ገና ሳይነሣ፣ አንድ ትሑት ሰው መጣ። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ አለቀሰም። ከዚያ ፖስታ አወጣ፤ ከፖስታው ሥር ደግሞ ሁለት ገጽ ወረቀት፤ ከኪሱም የጣት አሻራ መርገጫ ቀለም። «እናቴ፣ ለቀብር ወጪ እንዲሆን ነው፤ መቀበልሽን ብቻ ነው የምትፈርሚው» አላት ሐዘንተኛዋን። ፊደል አልቆጠረችም፤ አውራ ጣቷ ቀለሙን ነክቷል። ወንበር ሲያመላልስ የነበረ አንድ የሰፈር ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ከእንግዲህ በማናቸውም ፍርድ ቤት ምንም ዓይነት ጥያቄ ላላቀርብ ተስማምቻለሁ» የሚል ነበር። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፖስታውን መለሰች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

ያ ልጅ ባይኖርስ? ጥያቄዬ ይህ ነው። ሥራዬ ብሎ የሞተና የተጎዳ ሰው ወገን ሆኖ ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር ችሎት ስለሚቆም ጠበቃ መናገር የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

በድሮው ዘመን ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ካለ ተበዳዩም በዳዩም ይቆማሉ፤ ጋቢያቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይደርሳሉ። ጌታም ሎሌም እዚያች ቋጠሮ ላይ እኩል ነበሩ። ድርጅት ግን የሚቋጠር ጋቢ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስትሄዱ ኢንሹራንሱን ጠይቁ ይላችኋል፤ ኢንሹራንሱ ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ሰብ ኮንትራክተሩን፣ ሰብ ኮንትራክተሩ ደግሞ ስልኩን ዘግቷል። እንግዲህ የዚህ ጠበቃ ዋና ሥራ ቋጠሮዋን መልሶ ማሰር ነው፤ ያንን ሁሉ ማኅተም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ «አንተ ነህ» ማለት።

ይህ በእኛው ምድር በደረሰ መከራ እንዴት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከቢሾፍቱ ወዲያ በጊምቢቹ ምድር ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ነፍስ፤ ከ35 አገር። ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት ናይሮቢ ላይ ለሚደረግ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የሚሄዱ ነበሩ፤ እዚሁ ካዛንቺስ ጎን ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ሲወጡና ሲገቡ ከምናያቸው ሰዎች የሚመሳሰሉ። የእኛዎቹን ዘጠኝ መንገደኞችና ስምንት የበረራ ሠራተኞች መጋቢት 8 ቀን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስንሸኝ 17 የሬሳ ሣጥን ተሰለፈ፤ ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ቤተሰቡ የያዘው ከስፍራው የተዘገነ አፈር ነበር። የቱሉ ፈራ አካባቢ ገበሬዎች ለማያውቁት ሰው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ ምን መጣ? «አብራሪዎቹ ናቸው» የሚል ወሬ መጣ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ገና 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። አሜሪካ ላይ ግን የምክር ቤት ሰው ሳይቀር ጣቱን ወደ ባዕድ አገር አብራሪዎች ቀሰረ። እናት አባት ልጃቸውን ባጡ በወራት ውስጥ የልጃቸውን ስምም ሊያጡ ሆነ። ይህ ነው እንግዲህ ሁለተኛው ሞት የምለው። ከአደጋው ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ላይ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ ምድር የደፋቸው ኤምካስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ በአንዲት ጠቋሚ መሣሪያ ላይ ብቻ ተመርኩዞ የሚሠራ፣ አብራሪዎች በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ሊገለጽላቸው ሲገባ ያልተገለጸላቸው። ቆይቶም የአውሮፕላኑ ሠሪ የቦይንግ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የተጻጻፉት ሲወጣ፣ አንዱ አውሮፕላኑን የነደፉት ቀልደኞች ናቸው ብሎ ሲሳለቅ ተገኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሚያጠራው ሰው ካለ ነው ታዲያ።

ከአንበሳ መንጋጋ ማን ያወጣል ሥጋ ተብሎ ነበር። ቤተሰቦቹ ቦይንግን በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሮበርት ክሊፎርድን የመሳሰሉ፣ የአደጋ ካሳ ሙግት የዕድሜ ሥራቸው የሆነ ጠበቆች ቆሙላቸው። ድር ቢያብር እንደሚባለው የኬንያው፣ የካናዳው፣ የሕንዱ፣ የኢትዮጵያው ቤተሰብ ተያያዘ። ከሟቾቹ አንዷ የራልፍ ናደር ዘመድ ነበረች፤ ይህ ሰው በ1958 ዓ.ም. መኪና አምራቾች ለሰው ነፍስ እንደማይጨነቁ መጽሐፍ ጽፎ አሜሪካን ያናወጠ ጠበቃ ነው። ስሙ የገነነ ሰውም እንደኛው ለቅሶ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተሟግተው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ቦይንግ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አመነ፦ ለመብረር የማያስተማምን አውሮፕላን ሠርቻለሁ፤ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ኃላፊው እኔ ነኝ አለ። በምላሹ ቤተሰቦቹ የቅጣት ካሳ ላይጠይቁ ተስማሙ። ብዙዎቹ በስምምነት ጨረሱ፤ የአንዲት ተሳፋሪ ቤተሰብ ግን እስከ ጁሪ ሄዶ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት።

እኔ የምመዝነው ገንዘቡን አይደለም። የወንጀሉ ጉዳይ ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። በ2013 ዓ.ም. በልደት በዓላችን ዕለት፣ እኛ ዶሮ ወጣችን ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ የአሜሪካ መንግሥትና ቦይንግ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር መስማማታቸው ተነገረ። የሟች ቤተሰቦችን አስቀድሞ የጠየቃቸው አልነበረም። ጉዳዩን የያዙት የቴክሳሱ ዳኛ ሪድ ኦኮነር፣ በአሜሪካ ታሪክ ድርጅት ከፈጸመው ወንጀል ሁሉ ብዙ ሰው የጨረሰው ይህ ሊባል ይችላል ብለው ጻፉ፤ እኚሁ ዳኛ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. የሕዝብ ጥቅም ነው በመባሉ ባይስማሙም ክሱን በመንግሥት ጠያቂነት ዘጉት። መንግሥት ሊታረቅ ይችላል፤ የራሱ ብዙ ጉዳይ አለበት። «ለደረሰው ጉዳት ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን እናቶችና አባቶች በከፈቱት የካሳ ሙግት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እዚህ ላይ ሽማግሌ ሆኜ የሚከብደኝን ልናገር። ሽምግልና የእኛ ጌጥ ነው። ጎረቤትና ጎረቤት፣ ባልና ሚስት፣ ደም የተቃቡ ወገኖች ሳይቀሩ በሽማግሌ ታርቀው ኖረዋል። የደም ካሳ የምንለው፣ ኦሮሞዎቹ ወንድሞቻችን ጉማ የሚሉት፣ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን የዱሮው ሽማግሌ ከማስታረቁ በፊት በዳይን «አጥፍቻለሁ በል» ይለው ነበር። በዳይም ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቅ ነበር። አሁን የማየው ሽምግልና ግን ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምን፣ ሟች ስንት ያወጣ እንደ ነበር ሳይቆጠር፣ መበለቷን «ይቅር በዪ፣ ነገር አታብዢ፣ ከትልቅ ጋር አትጣዪ» የሚል ነው። እናንተ በየዕድሩ ያላችሁ አቻዎቼ፣ ለምን እንደምንጠራ እንወቅ። ድርጅት በጠበቃው ታጅቦ፣ መበለት ብቻዋን ሆና የሚደረግ ዕርቅ ላይ እኔ አልቀመጥም። ጠበቃ ይዛ ከመጣች፣ ሐሳቡም ተነብቦ ከገባት፣ ያኔ ቡና ይፈላ።

ሕጋችን ራሱ አልጨከነባትም፤ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚለው ክፍሉ፣ የመኪናና የማሽን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆች በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ ይላል። ካሳውም ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥሩ 1156/2011፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል ይላል። ስለ ሦስተኛ ወገን መድን በወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ ኢንሹራንሱ የሰጠውን ይዞ አበቃ ብሎ ይሄዳል። አላበቃም፤ የቀረውን ባለንብረቱን ከስሶ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ያሳፍረኛል። ይኸው የ1952ቱ ሕግ የልብ ሐዘንን፣ የኅሊና ጉዳት የሚለውን፣ ከ1,000 ብር በላይ እንዳይካስ ይከለክላል። በጊዜው 1,000 ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለሐዘን ድንኳን ኪራይ እንኳ የሚበቃ አይመስለኝም። የልጅ ሞት ሐዘን ቺካጎ ላይ በሚሊዮን ሲመዘን፣ በቂርቆስ ምድብ ችሎት በ1,000 ብር ይመዘናል። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ቁጥር ሳያዩት የቀሩ አይመስለኝም፤ ጊዜ ያጡ ይሆናል።

ሌላው ጠላት ይርጋ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ካልሆነ በቀር። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ ተዝካሩ፣ የወራሽነት ማስረጃው፣ «ነገ ና» የሚሉት ቢሮዎች ይበሉታል። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ያድናችሁ። ካዛንቺስ በ2017 መባቻ ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ አዲስ ችግር መጥቷል፤ ሰውየው ሲወድቅ ያየችው ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ዛሬ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ምስክር ነበር፤ ጎረቤት ተበተነ። ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ የፖሊሱን ሪፖርትና የአደጋውን ፕላን ቅጂ ያዙ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት አትጣሉ፤ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ባጁን፣ ከአለቃው የመጣውን የስልክ መልእክት አታጥፉ፤ ያየውን ሰው ስልክ ቁጥር በዕድሩ መዝገብ ላይ ጻፉ።

ጠበቃ ስትይዙም እንዲሁ ተጠንቀቁ፤ ሁሉም ጠበቃ ደግ ነው አላልሁም። ከ302ቱ አደጋ በኋላ አዲስ አበባም ናይሮቢም የባሕር ማዶ ጠበቃ ወኪል ነን የሚሉ ሰዎች ለቅሶ ቤት ድረስ ወረቀት ይዘው መዞራቸው ተሰምቷል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን አውቀው፣ አውሮፕላን ከወደቀ 45 ቀን ሳይሞላ ጠበቃ ሳይጠራ የሟችን ቤተሰብ እንዳያነጋግር በሕግ ከልክለዋል። እኛም አርባ አለን። ሐዘንተኛ ቤተሰብ አርባው ሳይወጣ የማንንም ወረቀት፣ የድርጅትም የጠበቃም፣ ባይፈርም ምን ይጎድልበታል? ማስረጃው ይሰብሰብ፤ ፊርማው ይቆይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ጠበቃው ከካሳው ላይ ስንት እጅ እንደሚወስድ፣ ቢሸነፍስ ማን እንደሚከፍል፣ ውክልናው ገንዘብ መቀበልን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይነገራችሁ። «ይሄን ያህል ሚሊዮን አመጣልሃለሁ» ያለ ጠበቃ ካጋጠማችሁ በሩን አሳዩት። ለዳኝነት መክፈያ ካጣችሁም በደሃ ደንብ መክሰስን ሕጉ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጻፊም ያውቀዋል።

አንተ ገና የጥብቅና ፈቃድ ያወጣህ ልጄ፣ አንቺም ልጄ፤ ይህ ሙግት እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ድርጅት ቀጠሮ በማራዘም አይደክመውም፤ ደንበኛህ ግን የቤት ኪራይ አለባት። ስለዚህ ስትደውልልህ አንሣ። የተባለውን በእሷ ቋንቋ ንገራት። ስለ ሟቹ ስትጠይቅ «ገቢው ስንት ነበር» ብለህ አትጀምር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ጠይቅና ስማ፤ ገቢው ከዚያ ውስጥ ይወጣል። ያልተጎዳ ሰው ተጎድቻለሁ ብሎ ሲመጣ ደግሞ መልሰው፤ አንድ የሐሰት ክስ የአሥር እውነተኞችን ፊት ያጠቁራል። ጥፋቱን አምኖ፣ ሳይጠየቅ ከፍሎ፣ መወጣጫውን የቀየረ ድርጅት ካለም በአደባባይ አመስግነው፤ እንዲህ ያለ አለ፣ አይቻለሁ።

ለቤተሰቡም አንድ ቃል። ካሳ መጠየቅ ሟችን መሸጥ አይደለም፤ «በልጇ ሬሳ ቤት ሠራች» የሚል ምላስ እንዳይገዛችሁ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዱበታል፤ ድርጅቱም በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ የባሕር ዛፉን መወጣጫ ትቶ የብረት ያቆማል።

እንግዲህ የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ከሚመዘገብበት መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ። ከሰፈሩ ልጆች መካከል ሕግ የተማረ ወይም የተማረች ፈልጋችሁ ስልኳን እዚያ ጻፉ። ከአደጋ የመጣ ሞት ሲሆን ድንኳኑ እንደ ተተከለ ይደወልላት። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ሐዘንተኛዋ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እሷ ታንብበው።